ዲስካችሁን ሳትነኩ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሞከር፦ ቨርቹዋል ማሽን የሚመልሰው ጥያቄና የማይመልሰው

ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ስትጭኑ «ዲስኩን አጥፍቶ ኡቡንቱን መጫን» የሚለው ምርጫ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የብዙ ሰው ጣት ማውሱ ላይ ደርቆ ይቀራል። ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሥራ ሰነዱ ሁሉ እዚያው ዲስክ ላይ ነዋ! ቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም የተመሰለ ኮምፒውተር) ውስጥ ከሆናችሁ ግን ይህን ቁልፍ ሳትሳቀቁ ልትጫኑት ትችላላችሁ። የመጫኛው ፕሮግራም «ዲስክ» ብሎ የሚያየው ነገር በእናንተ በኩል ሲታይ እንደ ማንኛውም ቪዲዮ በአንድ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ነው። የሚጠፋ ነገር ካለ ከዚያ ፋይል ውስጥ ነው፤ እሱም ገና ባዶ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበልለት ሰው «ሊኑክስ ብጭንበትስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደብቀዋል። አንደኛው ስለ ሶፍትዌሩ ነው፦ ይመቸኛል ወይ፣ የምሠራባቸው ፕሮግራሞች አሉበት ወይ፣ ፋይሎቼን ይከፍታል ወይ። ሁለተኛው ስለ ኮምፒውተሩ ነው፦ ዋይፋዩን ያውቀዋል ወይ፣ ድምፅ ይወጣል ወይ፣ ላፕቶፑን ዘግቼ ስከፍተው ይነቃል ወይ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከቨርቹዋል ማሽን የተሻለ መሞከሪያ የለም። ስለ ሁለተኛው ግን ምንም አይነግራችሁም። በቨርቹዋል ማሽን አይቶ የወደደውን ሲስተም ላፕቶፑ ላይ ከጫነ በኋላ ዋይፋይ አጥቶ የሚቀመጠው ይህን ያልለየ ሰው ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ነው። እውነተኛው ኮምፒውተርና በላዩ ያለው ሲስተም አስተናጋጅ ይባላሉ፤ በመስኮት ውስጥ የሚነሳው አዲሱ ሲስተም ደግሞ እንግዳ ነው። በሁለቱ መካከል ሆኖ ራሙን፣ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን የሚያካፍለው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ሞክሮት በ1972 ቪኤም/370 ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። በግል ኮምፒውተሮች ላይ የታወቀው ግን ቪኤምዌር የመጀመሪያ ምርቱን በ1999 ካወጣ በኋላ ነው። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ለዚሁ የሚያግዝ ክፍል በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ሲጨምሩ ሥራው ቀለለ፣ ፍጥነቱም ጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእንግዳው ሲስተም ትእዛዞች በአብዛኛው በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰራችሁ ላይ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ስሌት ላይ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም። የኔትወርክ ካርዱ፣ የስክሪን ካርዱ፣ የድምፅ ካርዱ ግን ማስመሰያዎች ናቸው። ላፕቶፓችሁ የተገናኘው በዋይፋይ ቢሆንም እንግዳው ሲስተም የሚያየው በገመድ የተገናኘ የታወቀ የኢንቴል ካርድ ነው። የዋይፋይ ምልክቱን እንግዳው ውስጥ ፈልጋችሁ ብታጡት ስህተት አይደለም፤ ሊኖር አይችልም። የእናንተን ዋይፋይ የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) አልተሞከረም ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ካልተመሰለ፣ የእንግዳውና የአስተናጋጁ የፕሮሰሰር ዓይነት አንድ መሆን አለበት። የአፕል ኤም1ና ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮሰሰሮች ያሉበት ማክ ላይ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተዘጋጀ ሊኑክስ በዚህ መንገድ አይነሳም፤ የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ዓይነት ለሆነው ለአርም የተዘጋጀውን ማውረድ ያስፈልጋል። ዩቲኤም የተባለው ፕሮግራም የሌላውን ዓይነት ፕሮሰሰር አስመስሎ ማስነሳት ይችላል፤ ነገር ግን በጣም ቀርፋፋ ስለሚሆን ለሙከራ አንመክረውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን ምረጡ። ከታች በኩል «ቨርቹዋላይዜሽን፦ ኢኔብልድ» የሚል ከታየ ዝግጁ ናችሁ። «ዲሴብልድ» ካለ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ማብራት ነው። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ ወይም ቪቲ-ኤክስ ተብሎ ይገኛል። ኤኤምዲ ላይ ብዙ ጊዜ ኤስቪኤም ሞድ የሚል አጭር ስም ስላለው ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ሌላም ምልክት አለ፤ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ አዲስ ማሽን ስትፈጥሩ ዝርዝሩ ላይ ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ብቻ ከታዩ ችግሩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከሃይፐርቫይዘሮቹ የትኛውን እንምረጥ ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ቨርቹዋልቦክስ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ላይ በነፃ ይሠራል። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከ2024 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ሃይፐር-ቪ በዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ሆም ላይ ግን የለም። ሊኑክስ ላይ ላለ ሰው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው ኬቪኤምና ቀለል ያለው መስኮቱ ግኖም ቦክስስ ይበቃሉ። ከዚህ በታች ያለውን በቨርቹዋልቦክስ ነው የምናሳየው፤ የሌሎቹም አካሄድ ከዚህ ብዙ አይለይም።

በቅድሚያ መታሰብ ያለበት ራሙ ነው። ለእንግዳው የሰጣችሁት ራም እሱ እስከሚዘጋ ድረስ ከአስተናጋጁ ተወስዷል ብላችሁ አስቡት። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ 4 (ማለትም 4096 ሜጋባይት) ስጡ፤ 16 ካላችሁ 6 ወይም 8 ይበቃል። ከግማሽ በላይ መስጠት እንግዳውን አያፈጥንም። አስተናጋጁ ራም ሲያጥረው ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምርና ሁለቱም አብረው ይንቀራፈፋሉ። ጠቅላላ ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ ይህን መንገድ ተዉትና መጨረሻ ላይ ወደምንገልጸው ፍላሽ እለፉ።

ፕሮሰሰሩ ባለ አራት ኮር ከሆነ ሁለት ስጡ። አንድ ብቻ ከሰጣችሁ የዛሬዎቹ ዴስክቶፖች ይጎተታሉ፤ አራቱንም ከሰጣችሁ አስተናጋጁ መተንፈሻ ያጣል።

ዲስክን በተመለከተ ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይጠይቃል። 40 ስጡት። ዲስኩ በመደበኛው አሠራር የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ 40 ማለት ጣሪያው ነው እንጂ ወዲያው የሚያዘው ቦታ አይደለም፤ ፋይሉ ሲጀምር በጣም ትንሽ ሆኖ ውስጡ በተጻፈ ቁጥር ያድጋል። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። እንግዳው ውስጥ 10 ጊጋባይት ፊልም ብትገለብጡና መልሳችሁ ብትደልቱት ፋይሉ በራሱ አያንስም። ማሽኑን በውጭ ዲስክ ላይ ልታስቀምጡ ካሰባችሁ ደግሞ ዲስኩ በፋት32 ፎርማት የተደረገ እንዳይሆን እዩ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ጭነቱ መሃል ላይ ይቆማል። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሁን።

የሲስተሙን አይኤስኦ ፋይል (የመጫኛ ሲዲውን ሙሉ ቅጂ) ከራሱ ከአዘጋጁ ገጽ አውርዱ። ሲዲም ፍላሽም አያስፈልግም፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ፋይሉን እንዳለ እንደ ሲዲ ያነበዋል። ከማውረጃው አጠገብ ሻ-256 የሚባል 64 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ ታገኛላችሁ። በወረደው ፋይል ላይ አስልታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ የወረደ አይኤስኦ ብዙ ጊዜ ይነሳና ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግልጽ ባልሆነ ስህተት ይሞታል። ሰዎች ታዲያ ማሽኑን አሥር ጊዜ አፍርሰው ይሠራሉ እንጂ ፋይሉን አይጠረጥሩም።

ጭነቱ

ቨርቹዋልቦክስን ከፍታችሁ አዲስ የሚለውን ስትጫኑ ስም፣ ፎልደርና አይኤስኦ ይጠይቃችኋል። ፎልደሩን ሳያዩ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ካልቀየራችሁት ሁሉም ነገር ሲ ድራይቭ ላይ ይከመራል።

እዚያው ገጽ ላይ ሰውን በጣም የሚያደናግር አንድ ሳጥን አለ። ቨርቹዋልቦክስ ከ7.0 ጀምሮ አይኤስኦውን ካወቀው እናንተን ሳይጠይቅ ራሱ ሊጭነው ይሞክራል። ይህን በራሱ መጫን ካልዘለላችሁት (በ7.0 ላይ «ስኪፕ አናተንድድ ኢንስቶሌሽን» የሚለው ላይ ምልክት በማድረግ) ጭነቱ ያልቅና ቪቦክስዩዘር የሚባል ሰው ሆናችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ሳትቀይሩት ካለፋችሁ የይለፍ ቃሉ «ቼንጅሚ» ነው። ይባስ ብሎ ኡቡንቱ ላይ ይህ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሳይኖረው ስለሚፈጠር አንድ ፕሮግራም ለመጫን ስትሞክሩ ሲስተሙ አይፈቅድላችሁም። ደግሞም የምትሞክሩት ሲስተሙን ከነአጫጫኑ አይደል? በራሱ መጫኑን ዝለሉና በእጃችሁ ጫኑት።

ማሽኑ ከተፈጠረ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስክሪን ሜሞሪውን 128 ሜጋባይት አድርጉት፤ የስክሪን ካርዱ ዓይነት ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ መሆኑንም እዩ። ከዚያ አስነሱት። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ሰዓት ከመረጣችሁ በኋላ ያ የሚያስፈራው ገጽ ይመጣል። ምርጫው አጠገብ የዲስኩ መጠን ይጻፋል። 40 ጊጋባይት አካባቢ ከሆነና ስሙም ቪቦክስ ሀርድ ዲስክ የሚል ከሆነ የምታዩት የራሳችሁን ፋይል ነው፤ ቀጥሉ። እውነተኛው 500 ጊጋባይት ዲስካችሁ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ አይታይም።

ሲጨርስ ሪስታርት በሉ ይላል፤ ቀጥሎም የመጫኛውን ሲዲ አውጥታችሁ ኢንተር ተጫኑ የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ አይኤስኦው በራሱ ይወጣል። ማሽኑ ተነስቶ መልሶ የጭነቱን የመጀመሪያ ገጽ ካሳያችሁ ግን አልወጣም ማለት ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ከሚለው ስር አይኤስኦውን አንሱት። ደግሞ መጫን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ መስኮቱን ብትለጥጡትም ዙሪያው ጥቁር ይሆናል እንጂ ዴስክቶፑ አይሰፋም። ማውሱም እንግዳው ውስጥ ገብቶ አልወጣ ካላችሁ በስተቀኝ ያለውን ኮንትሮል ተጫኑ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ጌስት አዲሽንስ የሚባለው ተጨማሪ ጭነት ነው። ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ሲዲውን አስገብታችሁ እንግዳው ውስጥ ታስኬዱታላችሁ። ሊኑክስ ላይ የራሱን ሞጁሎች እዚያው ስለሚያቀናብር አስቀድማችሁ ለማቀናበሩ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች፣ ማለትም ጂሲሲን፣ ሜክንና የከርነሉን ሄደሮች ጫኑ። እነሱ ከሌሉ ስህተቱን አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ከሪስታርት በኋላ ምንም ሳይቀየር ታገኙታላችሁ። እንግዳውና አስተናጋጁ የሚጋሩትን የጋራ ፎልደር ከፍታችሁ «ፈቃድ የለህም» ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ቪቦክስኤስኤፍ በሚባለው ቡድን ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ ግቡ።

ስናፕሾት

ቨርቹዋል ማሽን እንደ ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ይዞ ማስቀመጥ) ያለ ሌላ ጥቅም የለውም ብንል ማጋነን አይሆንም። ሲስተሙ ተጭኖ፣ ጌስት አዲሽንስ ገብቶ፣ አፕዴት ተደርጎ ንጹሕ ሆኖ ባለበት ሰዓት አጥፉትና ስናፕሾት አንሱ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አፍርሱ። የሲስተም ፎልደሮችን ደልቱ፣ ሌላ ዴስክቶፕ ጫኑ፣ ድራይቨር አበላሹ። ሪስቶር ስትሉት በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደዚያች ንጹሕ ሰዓት ይመለሳል።

ስናፕሾት ስታነሱ ዲስኩ አይገለበጥም። ያለው የዲስክ ፋይል ይቆለፍና ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በላዩ በተነጠፈ አዲስ ፋይል ላይ ይሄዳል። እንግዳው አንድ ነገር ሲያነብ መጀመሪያ የላይኛውን ያያል፤ ከሌለ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ሪስቶር ማለት የላይኛውን ሽፋን መጣል ነው። በአጭር ጊዜ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። በስናፕሾት ላይ የሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ ከዚሁ ይመጣሉ። ሪስቶር ስትሉ ከስናፕሾቱ በኋላ እንግዳው ውስጥ የጻፋችሁት ሰነድ አብሮ ይጣላል። ሽፋን በሽፋን ላይ ስትደራርቡ ዲስኩ እየቀረፈፈ፣ ቦታም እየበላ ይሄዳል። ታችኛው ፋይል ከተበላሸ ደግሞ በላዩ ያሉት ሁሉ ዋጋ የላቸውም፤ ስለዚህ ስናፕሾት የባክአፕን ቦታ አይተካም። ዴሊት የሚለው ቃል ግን ያለምክንያት ያስፈራል። ስናፕሾት ስትደልቱ ሽፋኑ ከታችኛው ጋር ይዋሃዳል እንጂ አሁን ያለው ሥራችሁ አይጠፋም። ማዋሃዱ ጊዜ ይወስዳል፤ መሃል ላይ አታቋርጡት።

መስኮቱን ስትዘጉ የሚመጡት ሦስት ምርጫዎችም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ማሽኑን ባለበት አደንዝዞ ራሙን ወደ ፋይል ይጽፋል። ሁለተኛው እንግዳው በሥርዓት እንዲዘጋ ምልክት ይልካል። ሦስተኛው መብራት ቀጥ እንዲል ማድረግ ነው።

የሚበላሹ ነገሮች

ማሽኑ ተነስቶ እንደ ኤሊ ከተጎተተ የመስኮቱን የታችኛውን ጠርዝ እዩት፤ እውነትም ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀልድ አይደለም። ዊንዶውስ የራሱን ሃይፐር-ቪ አብርቶ የፕሮሰሰሩን እገዛ ስለያዘው ቨርቹዋልቦክስ በሱ በኩል እየዞረ ይሠራል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሃይፐር-ቪን የሚያበራው እናንተ የጫናችሁት ነገር ሳይሆን የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ያለው ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ፣ ወይም ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል2 ነው። ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ የሚሰጠው ጥበቃ እውነተኛ ስለሆነ ለሁለት ቀን ሙከራ ብሎ ማጥፋት ተገቢ አይመስለንም። ቢዘገይም ታገሱት፣ ወይም በሃይፐር-ቪ በራሱ ሞክሩ።

ጥቁር ስክሪን ከመጣ ባለ ሦስት አውታር ማፋጠኛውን፣ ማለትም 3ዲ አክሰለሬሽንን፣ አጥፍታችሁ አስነሱ። ማሽኑ መሃል ላይ በራሱ ቆሞ ስህተት ካሳየ የአስተናጋጁን ባዶ ቦታ እዩ፤ የሚያድገው ዲስክ ማደጊያ አጥቶ ይሆናል። ቦታ አስለቅቃችሁ ቀጥል ስትሉት ካቆመበት ይነሳል።

ኔትወርኩ መጀመሪያ «ናት» (NAT፣ እንግዳው በአስተናጋጁ በኩል ወደ ውጭ የሚወጣበት) በሚባለው መንገድ ነው የሚቀናበረው። እንግዳው 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይይዛል፤ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ ከውጭ ግን ማንም አያገኘውም። ለሙከራ ይህ በቂ ነው። በቤታችሁ ኔትወርክ ላይ ያለ ፕሪንተር እንግዳውን እንዲያየው ከፈለጋችሁ ብሪጅድ ወደሚለው ቀይሩት።

ዊንዶውስ 11ን መሞከር ለሚፈልግ ሁለት ነገር እንጨምር። ዩኢኤፍአይ፣ ሴክዩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 የተባሉትን የኮምፒውተሩን የማስነሻና የደህንነት ክፍሎች፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። ቨርቹዋልቦክስ ቲፒኤምን የሚያስመስለው በ2022 ከወጣው 7.0 ጀምሮ ስለሆነ አሮጌ ቅጂ ካላችሁ መጀመሪያ አሳድሱ። እንግዳ ዊንዶውስም የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ማክኦኤስን በተመለከተ የአፕል የፈቃድ ውል በአፕል ማሽኖች ላይ ብቻ ስለሚፈቅድ እዚህ አናካትተውም።

የቫይረስ ነገርም ይነሳል። እንግዳው ውስጥ የገባ ቫይረስ በተለመደው ሁኔታ ወደ አስተናጋጁ አይሻገርም፤ ግድግዳው ግን ፍጹም አይደለም። በ2015 ይፋ የሆነው ቬኖም የተባለ ስህተት የተገኘው ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ማስመሰያ ኮድ ውስጥ ነበር። ከዚያ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው አደጋ ራሳችሁ የከፈታችሁት በር ነው፤ የጋራ ፎልደር መጻፍ ተፈቅዶለት ከተከፈተ እንግዳው ውስጥ ያለ ፕሮግራም የእናንተን እውነተኛ ፋይሎች ሊነካ ይችላል። ማንበብ ብቻ ፍቀዱለት።

ሙከራው ራሱ

ከጫኑ በኋላ የዴስክቶፑን ምስል ቀይሮ፣ ሁለት ሜኑ ከፍቶ «ደስ ይላል» ብሎ መዝጋት ሙከራ አይደለም። ለአንድ ሳምንት የዘወትር ሥራችሁን እዚያ ሥሩ። ከሌሎች ጋር የምትለዋወጡትን ከባዱን የወርድና የኤክሴል ፋይል በሊብሬኦፊስ (የማይክሮሶፍት ኦፊስን በሚተካው ነፃ ፕሮግራም) ክፈቱት፤ ሠንጠረዡ፣ ፎንቱ፣ የገጽ ቁጥሩ ቦታውን ጠብቋል? በምትጽፉበት ቋንቋ ኪቦርዱን አስተካክላችሁ ሦስት ገጽ ጻፉ። ያለሱ መሥራት የማትችሉትን ፕሮግራም ስም ዘርዝሩና አንድ በአንድ ፈልጉ፤ የሌለውን የሚተካው ምንድን ነው? አፕዴት አድርጉና ምን እንደሚጠይቅ እዩ። አንድ ነገር ሆን ብላችሁ አበላሹና መፍትሔውን ራሳችሁ ፈልጉ፤ ነገ በእውነተኛው ማሽን ላይ የሚጠብቃችሁ ይኸው ነውና።

በቪዲዮና በጌም ፍጥነት ግን አትፍረዱ። የስክሪን ካርዱ ማስመሰያ ስለሆነ ዩቲዩብ ቢቆራረጥ፣ መስኮት ሲንቀሳቀስ ቢንተፋተፍ ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም። የባትሪ ቆይታንም እንዲሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው በፍላሽ ነው። ያንኑ አይኤስኦ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ሩፈስ ወይም ባሌናኤቸር በሚባል ፕሮግራም ጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱና «ትራይ» የሚለውን ምረጡ። አሁን ሲስተሙ እውነተኛውን ዕቃ ነው የሚያየው። ዋይፋዩን አገናኙ፣ ድምፅ አጫውቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ብሉቱዙን ሞክሩ፣ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቱት። ከፍላሽ ስለሚነበብ መዘግየቱን አትቁጠሩበት።

ዴስክቶፑ ላይ የመጫኛው ምልክትም አለ፤ ገብታችሁ ብታዩት ያው የምታውቁት ገጽ ነው፣ ያው ምርጫ፣ ያው ጽሑፍ። የዲስኩን መጠንና ስም እንደገና አንብቡ። 40 ጊጋባይት አይልም፤ ቪቦክስም አይልም። የተጻፈው የእውነተኛው ዲስካችሁ ስም ነው።